ክሱ ሳይከፈት ባልየው ረቂቁን በቃሉ ያውቀዋል

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቼ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ፈቃድ ካወጣሁ አራተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የምይዘው የፍቺ፣ የውርስና የቤት ጉዳይ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት አንዲት ጸሐፊና አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ብቻ ናቸው። ማተሚያችን ከተበላሸ ሁለት ዓመት ስላለፈው፣ ጸሐፊዬ የጻፈችውን ሁሉ ምድር ቤት ላለው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት በቴሌግራም ትልክና ወርዳ ታትሞ ትቀበላለች።

ባለፈው ወር የአንዲት ደንበኛዬን የፍቺ አቤቱታ አርቅቄ ነበር። ሽማግሌዎች የጀመሩትን ዕርቅ መጨረሻ እየጠበቅን ስለነበር ክሱን አልከፈትንም። ባለፈው ሳምንት በሽማግሌዎቹ ፊት ባልየው ተነሥቶ ስለ ቀድሞ ሕክምናዋ በረቂቁ ላይ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር ከነአገባቡ ደገመው። ደንበኛዬ ደውላ «ለእርስዎ ብቻ የነገርኩት እሱ ጋ እንዴት ደረሰ?» ስትለኝ የምመልሰው አልነበረኝም። ምድር ቤት ወርጄ ስጠይቅ፣ ቢሮዬ በሁለት ዓመት ውስጥ የላከው ፋይል በሙሉ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ተከምሮ አገኘሁት። ማንም ገበያተኛ ፍላሹን ሰክቶ የሚጠቀምበት ኮምፒውተር ነው።

እውነቱን ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ጸሐፊዬንስ ላሰናብታት? እንደ እኔ ያለ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ ለመቅጠር አቅም የሌለው ትንሽ ቢሮ የደንበኞቹን መረጃ እንዴት አድርጎ ነው የሚጠብቀው?

የተጨነቀች ጠበቃ

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ከማተማችን በፊት ሁለት ነገር ቆርጠን አውጥተንበታል፤ ደንበኛዎ የምትሠራበትን የመሥሪያ ቤት ዓይነትና የምትኖርበትን ሰፈር። በእርግጥ ስሟን አልጻፉም። ይሁንና ሰፈሯን፣ ሥራዋንና የሽማግሌዎቹን ነገር አንድ ላይ ላነበበ ጎረቤቷ ስሟ ባይጻፍም ልዩነት አልነበረውም። ይህን ያነሣሁት ላሳቅቅዎት ብዬ አይደለም። ምስጢር ወጣብኝ ብለው በተጨነቁበት ደብዳቤ ውስጥ እንኳ ጥቂት መንጠባጠቡ የሚያሳየው፣ የሰውን ጉዳይ ከጠዋት እስከ ማታ የምናገላብጥ ሰዎች የትኛው ዝርዝር ባለቤቱን እንደሚያስለይ ማየት ቀስ በቀስ እንደሚሳነን ነው። እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስመለስ፣ ይንገሯት። በስልክ ሳይሆን ቢሮዎ ጠርተው፣ ሌላ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ እርስዎ ራስዎ ይንገሯት። የትኛው ሰነዷ ከቢሮ እንደወጣ፣ ወደ የት እንደተላከ፣ እዚያ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ካወቁበት ቀን ጀምሮ ምን እንዳደረጉ በቅደም ተከተል ያስረዷት። «የሱቁ ልጅ ጥፋት ነው» የሚለውን ሐረግ ከአፍዎ አያውጡ፤ ሰነዷን ያስረከበችው ለእርስዎ እንጂ ለሱቁ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን በቁጥር 2130 ሠራተኛ ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ኃላፊ ስለሚያደርገው፣ «የላከችው ጸሐፊዬ ነች» ማለትም አያድንዎትም።

መንገር ያለብዎት ለኅሊናዎ ዕረፍት ብቻ አይደለም። ከዚህ በኋላ የሚወሰኑት ውሳኔዎች የእርሷ ናቸው። ዕርቁን ትቀጥል ወይስ ታቋርጥ፣ አቤቱታው ባለበት ይግባ ወይስ ይታረም፣ ለቤተሰቧ አስቀድማ የምትነግረው ነገር አለ ወይስ የለም፣ ይህን ሁሉ ልትመዝን የምትችለው ባልየው ምን ያህል እንዳወቀ ስታውቅ ነው። «ሌላ ጠበቃ እይዛለሁ» ካለችም ማህደሯን ሳያጉላሉ፣ ገጹን ቆጥረውና አስፈርመው ያስረክቧት። ተቆጥታ ልትወጣ ትችላለች፤ መቆጣትም መብቷ ነው።

አንድ ጉዳይ ግን በጥንቃቄ ያጣሩ። ረቂቁን እንድታነበው ብለው ለእርሷም በቴሌግራም ልከውላት ነበር? በትዳር ውስጥ ስልክ ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ነው፤ የይለፍ ቁጥሩን ባል ያውቀዋል፣ ካላወቀም ልጆች ያውቁታል። ስለዚህ ፍሰቱ በሱቁ በኩል ላይሆን ይችላል። ይህን ጥያቄ ግን የራስዎን ጥፋት ተናግረው ከጨረሱ በኋላ እንጂ አስቀድመው አያንሡት፤ አስቀድመው ካነሡት ጥፋቱን በእርሷ ላይ የማላከክ ይመስልብዎታል። ከአሁን ወዲያ ለሚመጣ የቤተሰብ ጉዳይ ደንበኛ ሁሉ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው፦ በየትኛው ቁጥር ልደውል፣ በየትኛው ሰዓት፣ ስልኩን ሌላ ማን ይከፍተዋል፣ መልእክት መላክስ ይቻላል ወይስ አይቻልም። መልሱን ከማህደሩ ሽፋን በስተውስጥ ይጻፉት። ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከየትኛውም የይለፍ ቃል ይልቅ እርሱን አምናለሁ።

በሕግ በኩል ያለብዎትን ኃላፊነት ባጭሩ ላስቀምጥ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ደግሞ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር ያለ ፈቃድ የሚገልጡ ሰዎችን ይቀጣል፣ ጠበቆችም በዚያ ውስጥ አሉ። እርስዎም ጸሐፊዎም ሆን ብላችሁ የገለጣችሁት ነገር ስለሌለ፣ በወንጀል ሕጋችን መሠረት ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ስለሆነም፣ እስር ቤት እያሰቡ እንቅልፍ አይጡ። የሚያሳስበኝ ሌላው ሕግ ነው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ከፍ ያለ ጥንቃቄ ከሚሹ የግል ዳታዎች ጋር ይመድበዋል፤ የዳታ ጥሰት ሲደርስም ዳታውን የያዘው ሰው ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው፣ ማለትም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ደብዳቤዎ እኛ ዘንድ በደረሰበት ቀን ሰዓቱ አልፎ ነበር። ቢያልፍም የዘገዩበትን ምክንያት ጨምረው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ አንዱን ቅጂ ማህደርዎ ውስጥ ያኑሩ። ብዙዎቻችን ይህ አዋጅ ባንኮችንና ቴሌኮሙን እንጂ የሁለት ክፍል ቢሮን የሚመለከት አይመስለንም፤ ነገር ግን የሰው መታወቂያ፣ የሕክምና ማስረጃና የባንክ መግለጫ በመሳቢያው የሚያስቀምጥ ሰው ዳታ አልያዝኩም ሊል አይችልም።

ሁለቱ ግዴታዎች አንድ እንዳይመስሉዎት። የጠበቃ ምስጢር ጠባቂነት ለደንበኛ የተገባ ቃል ነው፤ የዳታ አዋጁ ግን በማህደርዎ ውስጥ ስሙ ያለውን ሰው ሁሉ ይመለከታል፤ ምስክሯን፣ ልጆቿን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ ባልየውን ጭምር። የባልየው የደመወዝ ማስረጃም በዚያው ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ከነበረ፣ እርሱም ቅር ሊለው የሚገባ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንውረድ። ቴሌግራም በኮምፒውተር ላይ ሲከፈት፣ የተላከ ፋይል ለማተም በተነካ ቁጥር የወረዱ ፋይሎች በሚቀመጡበት ቦታ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚባል የኮምፒውተር ማህደር (ፎልደር) ውስጥ ቅጂው ይቀራል። ጸሐፊዎ በስልኳ መልእክቱን ለሁለቱም ወገን ብትሰርዘው እንኳ የወረደው ቅጂ ከቦታው አይነቃነቅም። ቀጥሎ ያለው ገበያተኛ የራሱን ማመልከቻ ሊያሳትም ሲመጣ፣ የሱቁ ልጅ ያንኑ ማህደር ከፍቶ ፋይሉን ሲፈልግለት፣ የእርስዎ ደንበኛ ስም ከነ«የፍቺ አቤቱታ» ርዕሱ በስክሪኑ ላይ ተደርድሮ ይነበባል። ፋይሎቹን በደንበኛ ሙሉ ስም መሰየማችን ራሱ ችግር ነው። የቢሮዎን የራስ ቁጥር ይስጧቸው፤ የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚነግረው መዝገብ በእርስዎ መሳቢያ ይቆለፍ።

ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው ፋይሎቹን ይሰርዙ። ከመሰረዝዎ በፊት ግን የፋይሎቹን ስም ዝርዝር በወረቀት ይመዝግቡ። ጉዳዩ የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያለፉ ደንበኞች በሙሉ እዚያ አሉ፤ ዝርዝሩ ካልተያዘ ነገ ሌላ ደንበኛ «የእኔስ?» ሲልዎት እንደገና የሚመልሱት ያጣሉ። ከዚያ ፋይሎቹን ከፎልደሩ ያጥፉ፣ የተሰረዙ ፋይሎች የሚቆዩበትን ሪሳይክል ቢንም ባዶ ያድርጉ፣ በሱቁ ቴሌግራም ላይ ያለውን ንግግርም ያስወግዱ። በባለቤቱ ላይ አይጩኹ፤ ጠዋት ማታ የጠበቃ ወረቀት የሚያትም ሰው እንዲጠነቀቅ ነግሮት የሚያውቅ ጠበቃ ያለ አይመስለኝም። ከዝርዝሩ ውስጥ የሕክምና፣ የልጆችና የወንጀል ጉዳይ የሆኑትን ለይተው ለባለቤቶቻቸው አስቀድመው ይንገሩ።

«መቼም ችሎት የሚነበብ ነገር አይደለም እንዴ?» የሚል የሥራ ባልደረባ ያጋጥምዎት ይሆናል። ችሎት በመርህ ደረጃ ግልጽ መሆኑ እውነት ነው። ረቂቅ ግን አቤቱታ አይደለም። ረቂቅ ማለት ደንበኛዋ እያለቀሰች የነገረችዎ፣ እርስዎም ይግባ አይግባ ገና ያልወሰኑበት ጽሑፍ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ስለ ሕክምናዋ የሚያወራው ዓረፍተ ነገር መጀመሪያውኑ ያስፈልግ ነበር? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺን ጥፋትን በማረጋገጥ ላይ አላንጠለጠለውም። ሰምተን የምናውቀውን ሁሉ አቤቱታ ላይ የመዘርገፍ ልማዳችን ለባለጉዳይ አቤቱታ ይጽፉ ከነበሩት ከቀድሞዎቹ የራፖር ጸሐፊዎች የወረስነው ይመስለኛል፤ አቤቱታው በረዘመ ቁጥር ዳኛው የሚያዝን ይመስለናል። ላልተጻፈ ነገር ጠባቂ ስለማያስፈልገው ለጉዳዩ የማያስፈልገውን አይጻፉ፤ ለማይጠየቁበት ጉዳይም የመታወቂያ፣ የፋይዳና የባንክ ደብተር ቅጂ «ለማንኛውም» ብለው አይሰብስቡ።

ወረቀቱንም እንዳይረሱት። ከዓመታት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሳለሁ፣ ከአንዲት መንገድ ዳር ከተቀመጡ እናት ቆሎ ገዝቼ ስቆረጥም መጠቅለያውን ዘረጋሁት። የቀለብ ክስ ሁለተኛ ገጽ ነበር። የስቴፕለሩ ቀዳዳ በጥጉ ላይ ይታያል፤ የሕፃኑ ስም፣ የእናትየው ሰፈር፣ አባትየው በወር የሚያገኘው ብር ሁሉ ይነበባል፤ ከግርጌው ያለው የጠበቃ ማኅተም ሐምራዊ ቀለሙ ገና አልደበዘዘም። ማኅተሙን አይቼ ወደ ባለቤቱ ይዤው ሄድኩ። ሰውየው ጨዋና የተከበረ ነበር፤ ወረቀቱን ሲያይ ላብ አጠመቀው። የጽዳት ሠራተኛዋ የተበላሸ ኮፒ መስሏት ከጋዜጣ ጋር ለቆራሌ በኪሎ ሸጣዋለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የራሱ ማህደር ቆሎ መጠቅለያ መሆኑን ከሰፈሩ ሁሉ መጨረሻ የሰማው እርሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቢሮዬ የተበላሸ ኮፒ የሚጣልበት ክዳን ያለው ካርቶን አለ፤ ሲሞላ እኔው ራሴ አይቼ፣ አስቀድጄ አቃጥለዋለሁ። የወረቀት መቁረጫ ማሽን ካለዎት ይበልጥ ጥሩ፤ ከሌለዎት ግን ክብሪት ይበቃል።

ጉዳዩ ሲዘጋ ዋናውን ሰነድ ለደንበኛው በፊርማ መመለስ ሌላው ልማድ ሊሆን ይገባል። የሰው የቤት ካርታና የጋብቻ የምስክር ወረቀት ለዓመታት በቁም ሣጥናችን የምናቆየው እምነት ስለተጣለብን ይመስለናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ደውለን «መጥተው ይውሰዱ» ለማለት ስለሰነፍን ነው።

ስለ ድምፅ መልእክት ልንገርዎትና ስለ መሣሪያዎች ወደማወራው ልለፍ። በሪያድ፣ በዱባይ ወይም በቤሩት በሰው ቤት የሚሠሩ፣ የወላጆቻቸውን ውርስ በውክልና የሚከታተሉ ደንበኞች ካሉዎት፣ ጉዳያቸውን የሚነግሩዎት አሠሪዎቻቸው ከተኙ በኋላ በሚልኩት የድምፅ መልእክት እንደሆነ ያውቃሉ። በስንት ቢሮ ገብቼ፣ ሶፋው ላይ ሌላ ባለጉዳይ ተቀምጦ ሳለ ጸሐፊዋ ያንን ድምፅ ከፍ አድርጋ ስታሰማ ሰምቻለሁ! የወንድሟ ስም፣ የላከችው ብር፣ ለቅሶዋ ሁሉ ክፍሉን ሞልቶት። ማዳመጫ ይግዙና ስልኩ አጠገብ ያኑሩት። የፓስፖርቷንና የውክልናዋን ፎቶም ወደ ማህደሩ ካስገቡ በኋላ ከጸሐፊዎ የግል ስልክ ላይ ያጥፉት፤ ያ ፎቶ ከልደት ኬክ ፎቶ ጎን መቀመጥ የለበትም።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልልም። ቢሮው የራሱ ስልክ ቁጥርና የራሱ የኢሜይል አድራሻ ይኑረው፤ የሠራተኞች የግል ቴሌግራም ለሥራ አይዋል፣ አለዚያ ሠራተኛው ሲለቅ ማህደርዎ አብሮት ይሄዳል። በቴሌግራሙም በኢሜይሉም ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን) ያብሩ፤ «በስህተት ወደ አንቺ የተላከ ኮድ አለ፣ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከወንድምዎ ስልክ እንኳ ቢመጣ ኮዱን አይስጡ፣ ብዙ ሰው ቴሌግራሙን የተነጠቀው በዚህ ነው። ኮምፒውተሩን ወደ ጥገና ሲልኩ ደግሞ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ለጥፈው አይላኩ። ብልሽቱ ስክሪን ወይም ኪቦርድ ከሆነ ሃርድ ዲስኩን አስፈትተው ያስቀሩት፤ ካልሆነም ሲጠገን አጠገቡ ይቀመጡ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ አሰልቺም ነው፤ ነገር ግን ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የእርስዎ ንብረት ብቻ አይደለም። የፋይሎቹን ቅጂ በየሳምንቱ መጨረሻ በአንድ ውጫዊ ዲስክ ገልብጠው፣ ዲስኩን በይለፍ ቃል ዘግተው፣ ከቢሮው ውጭ በሚቆለፍ ቦታ ያስቀምጡት። መጥፋትም እንደ መውጣት ያለ ጉዳት ነው።

የቀረው የጸሐፊዎ ጉዳይ ነው። አያሰናብቷት። የሠራችው ጥፋት እርስዎ ለሁለት ዓመት እያዩ ያለፉት አሠራር ነው፤ ማተሚያው ሲበላሽ ያልገዙት እርስዎ ነዎት፣ «ወደ ታች ላኪው» ያሉትም ምናልባት እርስዎ ነዎት። ከዚህም ሌላ፣ የቢሮዎን ምስጢር ሁሉ በልቧ ይዛ ተቀይማ የምትወጣ ጸሐፊ ከሱቁ ኮምፒውተር ይበልጥ ልታስጨንቅዎት ይገባል። ይልቅስ ከእርሷም ከጉዳይ አስፈጻሚዎም ጋር ቁጭ ብለው የሆነውን ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ምን እንደማይላክ፣ ለማን እንደማይነገር፣ ከቢሮ ከለቀቁ በኋላም የሚጸና መሆኑን አንድ ገጽ ጽፈው ሁለቱንም ያስፈርሟቸው፤ እርስዎም አብረው ይፈርሙ። ጉዳይ አስፈጻሚው መዝገብ ይዞ ሲንቀሳቀስ በሚዘጋ ቦርሳ ይሁን፤ በሬጅስትራሩ መስኮት ሰልፍ ላይ የማህደሩ ሽፋን ወደ ደረቱ ይዙር።

ከዚያ ጸሐፊዎን ይዘው ይውጡና ማተሚያ ይግዙ። ባለቀለም መሆን አያስፈልገውም፤ ስካን የሚያደርግ መሆኑን ግን ያረጋግጡ፣ አለዚያ ልጅቷ መታወቂያ ስካን ልታስደርግ ነገም ደረጃውን መውረዷ አይቀርም።